ከጨጓራ ካንሰር ቀዶ ጥገና በኋላ መብላት ለምን ይከብዳል? ቤተሰብስ ምን ያድርግ?

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የጨጓራ ካንሰር ቀዶ ጥገና አድርጎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው፣ ቤቱ አጋሮም ይሁን ቦንጋ፣ ሰቃም ይሁን እዚያው ከተማው ውስጥ፣ የሚጠብቀው አቀባበል ብዙም አይለያይም። የቡላ ገንፎው ይቀርባል፣ ማሩ በውኃ ይበጠበጣል፣ ጠያቂው ጁስና የብቅል መጠጥ ይዞ ይመጣል፣ የሁሉም ቃል «ብላ እንጂ፣ ካልበላህ እንዴት ትድናለህ?» የሚል ነው። ሐሳቡ ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ ሆድ እንደ ቀድሞው አይሠራምና፣ ለሌላ ሕመምተኛ የሚበጀው ምግብና አቀራረብ ለዚህኛው ሥቃይ ሊሆን ይችላል። ሥቃዩም በሆድ አያበቃም፤ ማዕድ የፍርሃትና የእፍረት ቦታ ሲሆን ሰውየው ከምግቡ ብቻ ሳይሆን ከሰውም መራቅ ይጀምራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምግቡንና የስሜቱን ጉዳይ ሳንነጣጥል እንመለከታለን።

በመጀመሪያ በሰውነት ውስጥ የተለወጠውን ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ጤነኛ ጨጓራ እንደ ጎተራ ነው፤ አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ምግብና መጠጥ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ያቆያል፣ በአሲድ እያሸ ይፈጨዋል፣ ከዚያም በታችኛው በሩ በኩል ጥቂት በጥቂት ወደ ትንሹ አንጀት ይለቀዋል። በቀዶ ጥገናው የጨጓራው ከፊል ሲወጣ ማከማቻው ይጠባል፣ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ደግሞ የምግብ ቧንቧው ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ የሚያከማችም የሚቆጣጠርም በር አይኖርም። አንጀት ጥቂት በጥቂት ለመቀበል የተፈጠረ በመሆኑ አንድ ሙሉ ሳህን ምግብ በድንገት ሲወርድበት ይታወካል። ሕመምተኛው ሦስት ጉርሻ በልቶ «ጠገብኩ» ሲል እየተግደረደረ ወይም ተስፋ ቆርጦ አይደለም፤ የእውነት ጠግቧል።

ሐኪሞች «ዳምፒንግ» የሚሉት ችግር የሚነሣው ከዚህ ነው። ስኳር የበዛበት ምግብ ወይም መጠጥ ሳይጠራቀም ወደ አንጀት ሲወርድ፣ ይህን ወፍራም ፈሳሽ ለማቅጠን ከደም ሥር ውኃ ወደ አንጀት ይሳባል። ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሆድ ይቆርጣል፣ ልብ በኃይል ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ራስ ያዞራል፣ ብዙ ጊዜም ተቅማጥ ይከተላል። ሁለተኛው ዓይነት ዘግየት ብሎ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ውስጥ ይመጣል። ስኳሩ በፍጥነት ወደ ደም በመግባቱ ሰውነት ከሚገባው በላይ ኢንሱሊን ያመነጭና የደም ስኳር ከመጠን በታች ይወርዳል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይዝላል፣ ድንገተኛ ረሃብ ይሰማል፣ አንዳንዴም ሐሳብ ይደበላለቃል። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ካንሰሩ የተመለሰ መስሎት ይደነግጣል፣ ሕመምተኛውም ምግብ ሁሉ ጠላቱ የሆነ ይመስለዋል።

እንግዲህ ለበሽተኛ ይበጃል ብለን የምንወስዳቸውን ነገሮች በዚህ ዓይን እንያቸው። የማር ብርዝ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ የታሸገ ጁስ፣ ጣፋጭ የብቅል መጠጥ፣ ስኳር የበዛበት በሶና ሻይ ሁሉም ዳምፒንግን ከሚቀሰቅሱት መካከል ናቸው። የጅማና የአካባቢው ማር የታወቀና የተከበረ ስጦታ በመሆኑ «አታምጡ» ማለት ለባለቤቱ ይከብዳል። ይሁን እንጂ ጠያቂ እንቁላል፣ ትኩስ ወተት፣ የሽሮ ዱቄት ወይም አቮካዶ ይዞ ቢመጣ ለሕመምተኛው እጅግ የተሻለ ውለታ ይውላል፤ ይህን ደግሞ ከቤተሰቡ አንዱ አስቀድሞ ለእድርተኛውና ለጎረቤቱ በዘዴ ሊናገር ይችላል። ማሩ አይጠፋም፣ ሌላ ቀን ሌላው ይበላዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የምግቡ ይዘት ነው። ትልቅ ቀዶ ጥገና ሰውነትን በእሳት እንደማለፍ ያህል ያስጨንቀዋል፤ ቁስሉን ለመጠገንና ኢንፌክሽንን ለመከላከል የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ከምግብ ካላገኘ ከራሱ ጡንቻ እያፈረሰ ይወስዳል። ጡንቻ ሲያልቅ መነሣትና መራመድ ብቻ ሳይሆን በኃይል ማሳልም ያቅታል፣ አክታ በሳንባ ሲጠራቀም ደግሞ የሳንባ ምች ይመጣል። ስለዚህ በዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች ለካንሰር ሕመምተኞች የሚመከረው የፕሮቲን መጠን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 ግራም እንዳያንስ፣ ቢቻል እስከ 1.5 ግራም እንዲደርስ ነው፤ የኃይል መጠኑ ደግሞ በኪሎ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪ ይገመታል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ማለት በቀን ከ60 እስከ 90 ግራም ፕሮቲንና ከ1500 እስከ 1800 ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር መወሰን አለበት።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የቡላ ገንፎ ያሳዝናል። ቡላ ከእንሰት የሚወጣ ንጹሕ ስታርች ሊባል የሚችል ምግብ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ይዋጣል፣ ኃይልም ይሰጣል፣ ፕሮቲን ግን የለውም ማለት ይቻላል። ቆጮም ከዚህ ብዙም አይርቅም። ገንፎውን መተው ግን አያስፈልግም። በውኃ ምትክ በወተት ማብሰል፣ ከእሳት ሳይወርድ እንቁላል መትቶ አብሮ ማብሰል፣ ቅቤ ወይም ዘይት መጨመር፣ ወይም ከመነሻው የአጃ፣ የሽምብራና የኦቾሎኒ ዱቄት ቀላቅሎ መሥራት ያንኑ አምስት ማንኪያ ገንፎ ሌላ ምግብ ያደርገዋል። ለማነጻጸር ያህል፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ወይም ዶሮ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አላቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ ሽሮው ላይ ጨመር ማድረግ የሳህኑን መጠን ሳያሳድግ ኃይሉን ከፍ ያደርገዋል። በጅማ ዙሪያ በብዛት የሚገኘው አቮካዶም ለዚህ የተመቸ ነው፤ ለስላሳ፣ በጤናማ ቅባት የበለጸገና ስኳሩ እጅግ ጥቂት የሆነ ፍሬ ነው፣ ስኳር ሳይጨመርበት በማንኪያ ይበላል።

ወተት ለብዙ ሰው ከጨጓራ ቀዶ ጥገና በኋላ ሆድ የሚነፋና የሚያስቀምጥ ይሆናል። ይህ ሲያጋጥም ተፈልቶ ከተረጋ እርጎ ወይም ከአይብ መጀመር ይቻላል፣ ምክንያቱም በእነዚህ ውስጥ ያለው የወተት ስኳር አነስተኛ ነው። ኬሞቴራፒ (ካንሰርን የሚያጠቃ የመድኃኒት ሕክምና) ለሚከታተል ሰው ደግሞ ያልፈላ ወተትና ጥሬ ሥጋ ጨርሶ አይመከሩም፣ የነጭ ደም ሴሎቹ በሚቀንሱበት ወቅት ቀላል የሚመስል ኢንፌክሽን ለሕይወት ሊያሰጋው ይችላልና።

የአበላሉ ሥርዓት እንደሚከተለው ቢሆን መልካም ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ጠግቦ መብላት ይቀርና በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ በቀን ስድስት ጊዜ ያህል፣ በትንሽ ሳህን ይበላል። ከሳህኑ ላይ በመጀመሪያ የሚነሣው እንቁላሉ፣ ሥጋው፣ ምስሩ ወይም ሽሮው ይሁን፤ እንጀራው ይከተላል፣ ሆድ ቶሎ ስለሚሞላ መጀመሪያ የገባው ነው የሚጠቅመው። እያንዳንዱ ጉርሻ ትንሽ ሆኖ እስኪልም ይታኘካል። ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከምግቡ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም በኋላ፣ በየመካከሉም ቀስ እያሉ መጎንጨት ይሻላል። ምግብ ባልተበላበት ሰዓት ውኃ መርሳት ግን ሌላ አደጋ ነውና ጠርሙሱ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ዓይነት ዳምፒንግ ሲመጣ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ጋደም ማለት ይረዳል። አብዛኛው ሰው በወራት ውስጥ የሚስማማውንና የማይስማማውን እየለየ ይሄዳል፣ ችግሩም እየቀለለ ይመጣል።

ቡና በሌለበት ስለ ጅማ መጻፍ አይቻልምና ስለ እርሱም እንናገር። ጨጓራ ሲወጣ አሲዱ ስለሚቀንስ ብረት ከምግብ የሚሰበሰብበት መንገድ ይዳከማል፤ ቡናና ሻይ ደግሞ ብረትን ይዘው ከሰውነት ጋር እንዳይዋሐድ ያደርጋሉ። ምክሩ ቡናን መተው አይደለም። ከምግብና ከብረት ኪኒን ቢያንስ በአንድ ሰዓት ማራቅ፣ ስኳሩን መቀነስ፣ እስኪበርድም መታገሥ በቂ ነው። ቡና ሲፈላ ከሰው መካከል መቀመጥ የራሱ መድኃኒትነት ስላለው፣ ያልጠጣም ሰው ቢሆን ከጀበናው አጠገብ እንዲቀመጥ ቢደረግ ጥሩ ነው።

ከብረት ይልቅ የሚዘነጋው ግን ቫይታሚን ቢ12 ነው። ይህ ቫይታሚን ወደ ደም እንዲገባ ከጨጓራ ግድግዳ የሚመነጭ አንድ ረዳት ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ጨጓራው በሙሉ ሲወጣ ይህ ረዳት አብሮ ይጠፋል። ጉበት ያከማቸው ለተወሰኑ ዓመታት ስለሚበቃ ጉድለቱ ወዲያው አይታይም፣ ሕመምተኛውም «ደህና ነኝ» ብሎ ክትትሉን ይተዋል። ከዓመታት በኋላ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የደም ማነስ፣ የመርሳትና የመደበት ስሜት ይመጣል፤ የነርቭ ጉዳቱ ከዘገየ ላይመለስ ይችላል። ጨጓራው በሙሉ የወጣለት ሰው የቢ12 መርፌ በየጊዜው፣ ብዙውን ጊዜ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ፣ ዕድሜውን ሙሉ መወጋት አለበት። መርፌው ርካሽና በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ሊሰጥ የሚችል መሆኑን ለሚያስብ ሰው፣ በዚህ ምክንያት የሚመጣ ጉዳት በእውነት የሚያስቆጭ ነው።

የምግብ ቧንቧ ካንሰር ቀዶ ጥገና ያደረጉ ሰዎች ከላይ የተባለው አብዛኛው ይመለከታቸዋል፤ በተጨማሪ ግን ምግብ ወደ ላይ እንዳይመለስ የሚያግደው በር ስለማይኖር ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መብላት፣ ከበሉ በኋላ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት አለመተኛት፣ ከአልጋው የራስጌ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን እንጨት ወይም ጡብ ማድረግ ያስፈልጋቸዋል። ከወራት በኋላ መዋጥ እንደገና ቢያስቸግር ወዲያው «ካንሰሩ ተመለሰ» ብሎ መደምደም አይገባም፣ ስፌቱ ጠባሳ ፈጥሮ ሊጠብ ስለሚችልና ይህም በመሣሪያ ሊሰፋ ስለሚችል። በሆድ በኩል የመመገቢያ ቱቦ ይዞ የወጣ ሰው ካለ፣ በቱቦው የሚገባው ሐኪሙ ያዘዘው ብቻ ነው፤ ወፍራም አጥሚት ቱቦውን ይደፍናል፣ ከእያንዳንዱ ምግብ በፊትና በኋላም በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት። የትንሹ አንጀት ጫፍ ወደ ሆድ ቆዳ ለተከፈተላቸው ደግሞ ቆሎና ፈንዲሻ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መተላለፊያውን ሊዘጉ ይችላሉ፤ ፈሳሽም በብዛት ስለሚያጡ ኦአርኤስ በቤታቸው አይጥፋ።

በጅማ ብዙዎች ረመዳንን ይጾማሉ፣ ብዙዎችም ዓርብ ረቡዕንና ዓቢይ ጾምን። ሕመምተኛው ከጾም መቅረቱ እንደ ኃጢአት ስለሚሰማው ብዙ ጊዜ ለሐኪሙ ሳይናገር ይጾማል። በእስልምና የታመመ ሰው በሌላ ጊዜ እንዲተካ የተፈቀደ መሆኑ በቁርአን በአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 185 የተጻፈ ነው፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልማድም የንስሐ አባት ለሕመምተኛ ከጾም ያሳርፋሉ። ስለሆነም ጥያቄውን ለኢማሙ ወይም ለንስሐ አባቱ ማቅረብ ቤተሰቡ ከሚያደርገው ግትርነት ይልቅ ሕሊናን ያሳርፋል። ጸበል የሚወስድ ሰውም ቢሆን በባዶ ሆድ በርካታ ሊትር በአንድ ጊዜ ከመጠጣት መጠንቀቅ አለበት፣ ጨጓራ የሌለው ሆድ ይህን አይችልም። ስለ ጫት በአጭሩ፦ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ኪሎ እየቀነሰ ላለ ሰው ከዚህ የከፋ ሸክም የለም።

ስለ ስሜት ስንነጋገር ከማዕድ ብንጀምር ይሻላል። በእኛ አገር ፍቅር በጉርሻ ይገለጻል፣ አብሮ አለመብላትም እንደ መቆራረጥ ይቆጠራል። ሦስት ጉርሻ የሚበቃው ሰው ከትልቅ ትሪ ፊት ሲቀመጥ ዓይን ሁሉ እርሱ ላይ ያርፋል፤ ቢበላ ያመዋል፣ ባይበላ ያስቀይማል። አንዳንዱ እየበላ ሄዶ ያስመልሳል፣ አንዳንዱ «በልቻለሁ» እያለ ይዋሻል፣ ቀስ በቀስም ብቻውን መብላት፣ ከዚያም ብቻውን መቀመጥ ይመርጣል። የምትንከባከብ ሚስት ወይም ልጅ ደግሞ የተመለሰውን ሳህን እያየች ሞቱን ታያለች። ሁለቱም ወገን የሚፈራው አንድ ነገር ሆኖ ሳለ ስለ ምግብ ይጨቃጨቃሉ። ይህን ለማርገብ ቀላሉ መንገድ ለሕመምተኛው የራሱን ትንሽ ሳህን ማቅረብ፣ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ሰዓት ማስቀመጥና ስለበላው መጠን በማዕድ ላይ ፈጽሞ አለመናገር ነው። «ብላ» ከማለት «አሁን ምን ላምጣልህ?» ማለት ይሻላል፣ ምርጫውን ለእርሱ ይመልሳልና። ጠያቂም ከበር ገና ሳይገባ «ውይ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ!» ማለቱን ቢተው ታላቅ እፎይታ ነው።

ሁለተኛው ሸክም የዝምታ ነው። ብዙ ቤተሰብ «ከሰማ ይሞታል» በሚል ፍራቻ የበሽታውን ስም ከሕመምተኛው ይሰውራል። ዓላማው ቅን ነው፤ ነገር ግን ሆዱ የተከፈተ፣ ለኬሞቴራፒ ተመላልሶ የሚታከም፣ በቀጠሮው ክፍል ሌሎች ሕመምተኞችን የሚያይ ሰው እውነቱን ማወቁ አይቀርም፣ ሲያውቅም የሚያማክረው ሰው ያጣል። ያልተነገረው ሰው ለምን እንደሚመላለስ ስላልገባው ሕክምናውን ያቋርጣል። በእኔ አስተያየት «ስለ ሕመምህ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብሎ ከመጠየቅ የበለጠ አክብሮት የለም፤ «ለልጄ ንገሩት፣ እኔ አልፈልግም» ካለም ውሳኔው ይከበርለት።

ኀዘንና ፍርሃት ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚጠበቁ ናቸው፤ የቡና ለቀማ ሲደርስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከባድ ነገር አታንሣ የተባለ ገበሬ፣ ቤቷን ለሌላ ሰው ያስረከበች እናት ማዘናቸው በሽታ አይደለም። መለየት ያለበት ከሁለት ሳምንት በላይ፣ በአብዛኛው ቀን የሚቆይ ድባቴ ነው። የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ከካንሰሩም ከሕክምናውም ሊመጡ ስለሚችሉ በእነርሱ ብቻ መፍረድ ያሳስታል። ይልቁንም ቀድሞ ደስ ይለው የነበረ ነገር፣ የልጅ ልጁ መምጣት ሳይቀር፣ ደስ አልለው ካለ፣ ለቤተሰቡ ሸክም እንደሆነ ደጋግሞ ከተናገረ፣ ወይም መሞትን ከተመኘ ሕክምና ያስፈልገዋል። ራሱን ለመጉዳት ማሰቡን የሚያሳይ ንግግር ካለ ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። የአእምሮ ሕክምና ክፍል በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ውስጥ ያለ በመሆኑ ከቀዶ ጥገና ክትትል በተላከ ወረቀት መታየት ይቻላል፤ ወደዚያ መሄድ የእብደት ምስክር አይደለም። ድባቴ ሲታከም ብዙ ጊዜ የምግብ ፍላጎትም አብሮ ይመለሳል። ሕመምም እንዲሁ ነው፤ ሥቃይ ያለበት ሰው አይበላም፣ አይተኛም፣ ሞርፊን ከታዘዘለትም በሐኪም መጠን የሚወሰድ እስከሆነ ድረስ «ሱስ ይሆንበታል» ተብሎ ሊከለከል አይገባም።

«ስኳር ካንሰሩን ይመግባል፣ ሥጋ ያባብሰዋል፣ ስለዚህ እንዲራብ እናድርገው» የሚል ምክር በየመንደሩ ይሰማል። ካንሰርን በማስራብ የዳነ ሰው የለም፤ ቀድሞ የሚራበው የሕመምተኛው ጡንቻ ነው። ከላይ ስኳር ይቀነስ ያልነው ለዳምፒንጉ ሲባል ነው። ከዕፀዋት የተዘጋጀ የባህል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር፣ አንዳንዱ ከኬሞቴራፒ ጋር ተጋጭቶ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል።

የኑሮ ጥራት የሚለካ ነገር ነው። የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በብዙ አገሮች የሚሠራበት መጠይቅ 30 ጥያቄዎች አሉት፤ ስለ ድካም፣ ሕመም፣ እንቅልፍ፣ ምግብ ፍላጎት ብቻ ሳይሆን ስለ ጭንቀት፣ ስለ ቤተሰብ ኑሮና ስለ ገንዘብ ችግርም ይጠይቃል፣ በመጨረሻም ሰውየው ጠቅላላ ኑሮውን ከ1 እስከ 7 እንዲመዝን ያደርገዋል። ከጨጓራ ቀዶ ጥገና በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነጥቡ ዝቅ ማለቱና ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ብዙው መመለሱ የተለመደ ነው። ይህን አስቀድሞ ማወቅ በሁለተኛው ወር ላይ «እንዲህ ሆኜ መቅረቴ ነው» ብሎ የሚያስብን ሰው ያጽናናል።

በክትትል ቀን ሐኪሙ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ተዘጋጅቶ መሄድ ይጠቅማል። በየሳምንቱ በአንድ ዓይነት ሚዛን፣ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድም ቢሆን፣ ኪሎን መዝኖ በደብተር መጻፍ፣ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች በሙሉ በከረጢት ይዞ መሄድ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀውን አንድ ጥያቄ አስቀድሞ መምረጥ ጥሩ ነው። በአንድ ወር ከ5 በመቶ በላይ፣ ማለትም 60 ኪሎ የነበረ ሰው ከ3 ኪሎ በላይ ከቀነሰ ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ጋዝም ሰገራም መቆም፣ ጥቁር ሰገራ፣ የአንድ እግር ብቻ ማበጥና ማመም ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ሲታይ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።